«ወዴት ነው?» ሳይባሉ ማለፍ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1018 የንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 2ኛ ጦር ቭላርዲንገን አጠገብ ባለው ረግረግ ላይ ድል ሆነ። የጠቡ መነሻ የመተላለፊያ ቀረጥ ነበር። የአካባቢው ገዢ ዲርክ 3ኛ በወንዙ አፍ ላይ ምሽግ ሠርቶ ወደ እንግሊዝ የሚወርዱትን የነጋዴ መርከቦች እያስቆመ ያስከፍላል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ያለችው የቲል ከተማ ነጋዴዎች ለንጉሡ አቤት አሉ፤ ይህ ሰው ካልተገታልን ወደ እንግሊዝ መሄዳችን ይቀራል፣ ለዙፋኑ የሚገባውም ገቢ ይቀንሳል አሉ። ንጉሡ ጦር ላከ። ጦሩ በጭቃውና በውሃው መካከል አለቀ፣ መሪው መስፍን ጎድፍሪ ተማረከ፣ ዲርክም ግዛቱን እንደያዘ ቀረ። በኋላ ሆላንድ የተባለው ግዛት ታሪኩን ከዚህ ውጊያ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ከዚያ አገር ጥንታዊ ጠቦች አንዱ የሚያልፍ ሰው ለሚያልፍበት ምድር ምን ዕዳ አለበት በሚለው ጥያቄ ላይ የተነሣ ጠብ ነው።

ከሺህ ዓመት በኋላ ጥያቄው እዚያው ቦታ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከቭላርዲንገን በስተ ምዕራብ በወንዙ ሥር የሚያልፍ አዲስ የመኪና ዋሻ ተከፈተ፤ ባለመኪና ሲያልፍበት ይከፍላል። ዲርክ ሰው አቁሞ የሚሠራውን አሁን ካሜራ ታርጋ እያነበበ ይሠራዋል። ብስክሌት የያዘ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ከከተማዋ አሮጌ ወደብ ተነሥቶ፣ የቭላርዲንገንን ቦይ ተከትሎ ወደ ሰሜን፣ በስኺፕላውደን መንደር አድርጎ እስከ ዴልፍት ድረስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ የሚያስቆመው የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። በግራና በቀኝ ያለው መስክ ከቦዩ ውሃ ዝቅ ያለ ነው። ነጂው ወደ ታች ላሞቹን፣ ወደ ጎን ደግሞ ከላሞቹ ከፍ ብሎ የሚሄደውን ጀልባ ያያል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ የደጋ ሰው ዓይኑን ለማመን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።

አለመጠየቁ ግን ከመልክዓ ምድሩ ይበልጥ እንግዳ ነገር ነው። የሆላንድ የብስክሌት መንገድ በቁጥር ይሄዳል። በየመገናኛው ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ቆሟል፣ ከሥሩ ወደሚቀጥሉት ቁጥሮች የሚያመለክት ቀስት አለ። ነጂው ማለዳ አምስት ስድስት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ካንድ ሰው ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ መንደር ለመንደር፣ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን ዞሮ ቤቱ ይገባል። ዘዴውን ያሰበው ሁጎ ቦለን የሚባል ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው። በቤልጂየም ሊምቡርግ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ሠራተኛ እንዳይጠፋ መገናኛዎቹ ቁጥር ይሰጣቸው ነበርና፣ ያንን ከምድር በታች የነበረ ሥርዓት ወደ ላይ አወጣው። በ1995 እዚያው ሊምቡርግ ውስጥ ተጀመረ፣ ከዚያ ወደ ሆላንድ ተሻገረ። ለጨለማ የተፈጠረ ነገር ለፀሐያማ ቅዳሜ መዋሉ የሚያስደንቅ ነው። ከመነሻው የወረሰው ጠባይ ግን አለቀቀውም። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ተብሎ የተሠራ ምልክት፣ ሜዳ ላይ ያለውንም ሰው ከመጠየቅ ይገላግለዋል።

በአማርኛ መንገድ ይጠየቃል። ጥያቄው ደግሞ የሁለቱም ወገን ነው፤ መንገደኛው «በየት በኩል ነው?» ሲል፣ አገሬው «ወዴት ነው?» ይላል። ይህ ሁለተኛው እንደ ጥያቄ ቢሰማም በአብዛኛው ሰላምታ ነው፤ «እዚሁ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ዋሸ አይባልም። ቃሉ ግን ውስጡ አንድ ግምት ይዟል፦ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ጉዳይ አለው። ለቅሶ፣ ገበያ፣ ሠርግ፣ ፍርድ ቤት፣ ንግሥ፣ ዘመድ ጥየቃ። ጉዳይ የሌለው ሰው ስሙ ዟሪ ነው፣ ሲብስም አውደልዳይ። ሽርሽር የሚለው ቃል መኖሩ አይካድም፤ ሽርሽር ግን በልጆችና ባዲስ ሙሽሮች የሚያምር ነገር ነው እንጂ፣ የአርባ ዓመት ሰው ማክሰኞ ጧት ያለ ጉዳይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢነዳ ቤተሰቡ ይመካከርበታል። ለሴት ደግሞ «ወዴት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታነት ወጥቶ ምርመራ ለመሆን አንድ ርምጃ ብቻ ይበቃዋል።

ቢሆንም አገሬው የመንገደኛን ነገር ያሰበበት ጥልቀት በቀላሉ አይታለፍም። መሽቶበት ከማያውቀው ደጅ የደረሰ ሰው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ የሚመጣው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። ይህን ልውውጥ ከዲርክ ምሽግ አጠገብ አስቀምጦ ማየት ነው። ዲርክ የሚፈሰውን ወንዝ የኔ ነው አለ፤ ባላገሩ በእጁ የሠራውን ጎጆ የኔ አይደለም ይላል። ባለቤትነቱን በቃል ስለተወ ማስገባቱ ውለታ መሆኑ ይቀራል፣ እንግዳውም አንገቱን ሳይደፋ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀምሳል። ማንነቱና ጉዳዩ ቀስ ብሎ፣ እሳቱ ዳር ይነሣል።

ይህን ሁሉ እንደ ገነት ታሪክ መናገር ግን ልማድ ሆኗል፤ ልማዱም ትክክል አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ ቡናና ማር፣ ቅመምና የዝሆን ጥርስ ጭኖ በጎጃም የባሶን ገበያ ረግጦ፣ ጎንደር ገብቶ፣ ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው እየቆመ ይገብር ነበር። ነጋድራሱ ያውቀዋል፣ ኬላ ጠባቂው ጭነቱን ይዳብሳል። በንጉሥ ወረቀት የሚጓዝ እንግዳ ደግሞ ድርጎ ይታዘዝለታል፤ በጉ፣ እንጀራው፣ ጠጁ ከገበሬው ቤት በግድ ይወጣል። የውጭ አገር ተጓዦች የጻፏቸው መጻሕፍት ስለ አገሩ ሰው ቸርነት ሲያወሱ፣ ቸርነቱ የትኛው ጊዜ ፈቃድ፣ የትኛው ጊዜ ትእዛዝ እንደነበር ሁልጊዜ አይለዩም። በደርግ ዘመን ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «የጉዞው ምክንያት» ይሞላል። እንግዲህ «ወዴት ነው?» የሚለው ያንድ ቋንቋ ጥያቄ ሁለት አፍ ነበረው። አንዱ ደጃፍ ላይ፣ ሌላው ኬላ ላይ።

ኢማኑኤል ካንት «ዘላለማዊ ሰላም» የተባለውን ድርሰቱን በ1795 ሲያሳትም ርእሱን ያገኘው ከአንድ የሆላንድ ማደሪያ ቤት የምልክት ሰሌዳ ላይ መሆኑን በቀልድ ጠቅሷል፤ ሰሌዳው ላይ የመቃብር ቦታ ተሥሎበት ነበር። ከተወለደበት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ሄዶ የማያውቀው ይህ ሰው ስለ መንገደኛ የጻፈው እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዳ በሰላም እስከመጣ ድረስ በጠላትነት ያለመታየት መብት አለው ይላል፤ ምድር ክብ ናትና፣ ሰዎች ተበትነው ማለቂያ ወደሌለው ሊሄዱ አይችሉም፣ የግድ እርስ በርስ ይቻቻላሉ። ይህ መብት ግን የመጎብኘት እንጂ የመስተናገድ አይደለም። ለመስተናገድ የተለየ ስምምነት ያስፈልጋል። የሆላንድ የብስክሌት ነጂ የካንት ጎብኚ ራሱ ነው፤ ያልፋል፣ ማንንም ምንም አይጠይቅም፣ ሳይመሽ ይመለሳል። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ግን ካንት ካሰመረው መስመር ውጪ ቆሟል፤ ያለ ስምምነት ማደር ይፈልጋል። ዣክ ዴሪዳ በ1997 በታተመው ስለ እንግዳ አቀባበል በሚናገረው መጽሐፉ የተጨነቀበት ይህንኑ ነው። ፍጹም የሆነ አቀባበል ስም እንኳ አይጠይቅም፣ ሕግ ግን ስም ሳይጠይቅ አይሠራም። ዴሪዳ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለውን መልስ ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር ብሎ ማሰብ አይከፋም።

ሁለቱም ፈላስፎች ግን ያላዩት ሦስተኛ ነገር አለ፤ እሱም ከመታለፍና ከማደር በፊት የሚመጣ ነው። ምክንያት ሳያቀርቡ መንገድ ላይ መገኘት።

የሆላንድ መንግሥት በ1924 በብስክሌት ላይ ግብር ጣለ። የከፈለ ሰው በየዓመቱ ትንሽ የብረት ሰሌዳ እየተሰጠው ብስክሌቱ ላይ ያስራል። ግብሩ እስከ 1941 ቆየ። መክፈል ለማይችል ድሃ ሰሌዳው በነፃ ይሰጠው ነበር፤ ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን የነፃው ሰሌዳ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ነበረበት፣ ያየ ሁሉ ይለየዋል። በመጀመሪያም በዚህ ሰሌዳ እሑድ መንዳት አይፈቀድም ነበር። አመክንዮው ግልጽ ነው፤ ድሃ ብስክሌት የሚያስፈልገው ሥራ ለመፈለግና ለመሥራት ነው፣ እሑድ ደግሞ ሥራ የለም፣ ስለዚህ እሑድ የሚነዳ ድሃ ለደስታ የሚነዳ ነው፣ ለደስታው ደግሞ ሌላው አይከፍልለትም። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ለተቸገረ የሚያስፈልገውን እየሰጡ ነበር። የነሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያለ ጉዳይ መሄድን።

የቀዳዳው ሰሌዳ ነገር እዚህ ላይ የሚያስፈልገው፣ ዛሬ በዚያው ቦይ ዳር ከሚነዱት መካከል ሕይወታቸውን በሙሉ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ የተጓዙ ሰዎች ስላሉ ነው። በሮተርዳምና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ባሕር ዳር ላይ ሜዳውንና የጣናን ዳር እየነዳ ያደገ ነው፣ አንዳንዷ ደግሞ ብስክሌት ላይ የወጣችው በሠላሳ ዓመቷ፣ ለመጤ ሴቶች በተዘጋጀ ትምህርት ነው። በመተማ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጎ የመጣ ሰው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ምክንያት ተጠይቆበታል። ደላላው ጠይቆታል፣ የጠረፍ ዘቡ ጠይቆታል፣ በመጨረሻም የጥገኝነት ጉዳይ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ከፍቶ ለምን እንደወጣ፣ በየት እንዳለፈ፣ ከማን ጋር እንደነበር በቀንና በሰዓት ጠይቆታል። መልሱ ካልገጠመ ይመለሳል። የስደተኛ ጉዞ ከሁሉ ጉዞ ይበልጥ ጉዳይ ያለበት ጉዞ ነው፤ በሽርሽር የተጠረጠረ ስደተኛ አበቃለት። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀቱን ካገኘ በኋላ አንድ ቅዳሜ ያለ ጉዳይ ወጥቶ፣ ቁጥር ተከትሎ፣ ማንም «ወዴት ነው?» ሳይለው ዴልፍት ደርሶ ሲመለስ ያገኘውን ነገር መዝናናት ብሎ መጥራት ያሳንሰዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሱ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ውሏል።

እየሩ ተስፎም ገብሩ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች ማለት ይቻላል። የትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀች፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክም በስደተኞች ቡድን ስም በመንገድ ውድድር ተሰለፈች። ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነበር። በእነዚያ ውድድሮች ቀን የፈረንሳይ መንደሮች መንገዳቸውን ዘግተው፣ ወንበር አውጥተው፣ ጠርዝ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ የሚያልፈው ሰው ስሙ ይጠራል። ሁለቱ ነጂዎች የሚለያዩት ደረታቸው ላይ በተጻፈው ነገር ነው። አንደኛው የንግድ ቡድን ስም ለብሶ አለፈ፣ ሌላዋ አገር በሌለበት ባንዲራ ሥር።

አገር ቤትም መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ መንገደኞች ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል፤ ዘመድ ማስለቀቂያ ፈልጎ ለምኗል። ኬላ የሚለው ቃል ከታሪክ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ዕለት ወሬ ተመልሷል። «ወዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚደነግጥ መንገደኛ ባለበት ጊዜ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለውን መልስ እንደ ባሕል ጌጥ እያነሡ መኩራራት ያሳፍራል። የሆላንድን ዝምታ ብርድ ነው፣ ሰው አልባ ነው፣ ሰላምታ የለውም ብሎ መውቀስ በዳያስፖራ ጨዋታ ላይ የተለመደ ነው። ወቀሳው ውሸት አይደለም። ግን ዝምታው የተገኘበትን ዋጋ አይቆጥርም።

ዋጋው ደግሞ ይቆጠራል። በቭላርዲንገንና በዴልፍት መካከል ያለው መስክ ደረቅ ሆኖ የሚያድረው ውሃው ሌትና ቀን ስለሚቀዳ ነው፤ ሥራውን የሚመራው የዴልፍላንድ የውሃ አስተዳደር መነሻው እ.ኤ.አ. 1289 ነው፣ ነዋሪው ዛሬም የውሃ ግብር ይከፍልለታል። ነጂው በነፃ የሚያልፍበት መሬት በየዓመቱ እንደገና የሚገዛ መሬት ነው። መንገዱም ራሱ ዝም ብሎ አልበቀለም። በ1971 በሆላንድ መንገዶች ላይ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከመካከላቸው ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ የልጆች ግድያ ይቁም የሚል እንቅስቃሴ ተነሣ፣ ከዓመታት ግፊት በኋላ ለብስክሌት ተለይቶ የተሠራው መንገድ አገሩን አዳረሰ። ስለዚህ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት መንገድ ቀድሞ ብዙ የተጠየቀበት መንገድ ነው። ባላገሩ እንግዳውን የሚቀበለው ራሱ፣ በራሱ እጅ ነው፤ ሆላንዳዊው እንግዳውን የሚቀበለው ሳያየው፣ በግብሩ ነው። የመጀመሪያው አቀባበል ፊት አለው፣ ሰው ሲከፋ ግን ይከፋል። ሁለተኛው ፊት የለውም፣ ባለቤቱ ቢከፋም ባይከፋም ቁጥሩ እንደቆመ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው፣ በተለይ መልኩና አነጋገሩ ከአገሬው የተለየ ሰው፣ በቸኮለበት ቀን የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም።

ፊት በሌለው አቀባበል ውስጥ ምስጋና ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን አልተፈታም። ባላገሩን «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይቻላል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተርን አይቻልም። ያልተመሰገነ ስጦታ ደግሞ ቶሎ መብት ይመስላል። በጠባቦቹ የመስክ መንገዶች ላይ እሑድ ጧት የሚታየው ይህ ነው፤ በቡድን ሆነው በእሽቅድምድም ብስክሌት የሚመጡ ሰዎች ከሩቅ ይጮኻሉ፣ ውሻ ይዛ የምትሄድ አሮጊት ወደ ሣሩ ትወርዳለች፣ ትራክተር የያዘው ገበሬ የራሱ እርሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሆላንድ ሕግ ብስክሌት ሁሉ ደወል ሊኖረው ይገባል። ይህች ደወል በዚያ ዝምተኛ መንገድ ላይ የቀረች ብቸኛ ቃል ናት ማለት ይቻላል፤ አመታቷም ይለያያል። አንዴ ቀስ ብላ ከተመታች ከኋላ አለሁ ማለት ነው፤ ደጋግማ ከተመታች ዞር በሉ ማለት ነው። ከተማው እየራቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ የሚተላለፉ ሰዎች አንገት ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዱም ደህና ዋሉ ይላል። ይህን ማንም አላዘዘም፣ ሰሌዳ ላይም አልተጻፈም።

በገጠሩ መንገድ ዳር፣ በገበሬዎች በር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ትታያለች። እንቁላል አለ፣ ድንች አለ፣ በበጋ ጊዜ ደግሞ በማሰሮ አበባ። ዋጋው በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፏል፣ አጠገቡ ሳንቲም የሚጣልበት ቆርቆሮ አለ። ሻጩ የለም። ከአገሩ የመጣ ሰው መጀመሪያ ብስክሌቱን አስደግፎ ወደ ቤቱ ያያል፣ ከዚያ ወደ በረቱ፣ «ቤቶች» ሊል አፉን ይከፍታል። የሚመልስ የለም። እንቁላሉን ይቆጥራል፣ ሳንቲሙን ይጥላል፤ ሳንቲሙ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማው ላሟና እሱ ብቻ ናቸው። ለመሄድ ኮርቻው ላይ ከወጣ በኋላም አንዴ ዞር ብሎ መስኮቱን ያያል፣ ምናልባት መጋረጃው የተንቀሳቀሰ እንደሆነ።